ሲጎብጥ ትርፍ፣ ሲሰነጠቅ ኪሳራ፤ የአገር እንጨትና የጊታር ጎን

የወይራ ዱላ ያቃና ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እርጥቡ ዱላ በእሳት ይለበለባል፤ ሲሞቅ ይለዝባል፤ በጉልበት ተይዞ ይቃናል፤ ሲቀዘቅዝም በተያዘበት ቅርጽ ይቀራል። ጊታር በእጁ የሚሠራ ባለሙያም የሚያደርገው በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። የእሱ ሥራ ጠማማውን ማቃናት ሳይሆን ቀጥ ያለውን ማጉበጥ ነው፤ በእጁ የሚይዘውም ዱላ ሳይሆን ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስስ ጣውላ ነው። ዱላው ቢሰበር ሌላ ዱላ ይቆረጣል። የጊታሩ ጎን ቢሰነጠቅ ግን ዓመታት የደረቀና ተመርጦ የተገዛ እንጨት አብሮ ይሄዳል።

ይህ የጣውላ ነጋዴን ምን ያገባዋል? የሚያገባው ዋጋው የሚለወጠው እዚህ ላይ በመሆኑ ነው። አንድ ዓይነት እንጨት ለቁም ሳጥንና ለበር ሲሆን በሜትር ኩብ ይሸጣል። ለጊታር ሲሆን ግን የሚሸጠው በጥንድ ነው። ጥንድ ሲባል ከአንድ ጣውላ ተከታትለው የወጡ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ሲገለጡ መስመራቸውና ቀለማቸው ፊት ለፊት የሚመሳሰል ሁለት ጎኖችና ሁለት የጀርባ ቁራጮች ማለት ነው። በዓለም ላይ በዚህ ሥራ ብቻ የሚተዳደሩ እንጨት ሰንጣቂዎች አሉ።

ሒሳቡን ለማየት ያህል፣ አንድ ጎን ሲቆረጥ 82 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ግማሹ ጀርባ ደግሞ 55 በ21 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ቁራጩ 4 ሚሊ ሜትር ቢወፍርና መጋዙ 2 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ አንድ ጊታር 2 ሺህ 570 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል እንጨት ይፈጃል። ስለዚህ ከአንድ ሜትር ኩብ በወረቀት ላይ ከ380 በላይ ጊታር ይወጣል። በተግባር ግን ጉጡ፣ ስንጥቁ፣ የግንዱ እምብርትና ጠማማው እየተጣለ ቁጥሩ በእጅጉ ያሽቆለቁላል። ደላላ “ከዚህ ግንድ ይህን ያህል ጊታር ይወጣል” ብሎ ሲቀርብ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ አይደለም፤ ስንቱ ሳይሰነጠቅ ይጎብጣል የሚለውን ነው።

ስንጥቁ የሚያስከትለው ኪሳራ ከሚመስለው በላይ ነው። ለምሳሌ ከ10 ጎኖች አንዱ ሲጎብጥ ይሰነጠቃል እንበል። ሲሰሙት የ10 በመቶ ጉዳት ይመስላል። ሆኖም አንድ ጊታር ሁለት ጎን ስላለው ሁለቱም በደህና የሚወጡበት ዕድል 0.9 በ0.9 ሲባዛ 81 በመቶ ብቻ ነው። ከ100 ጊታሮች 19ኙ ጥንዳቸው ፈረሰ ማለት ነው። የተሰነጠቀውን በሌላ መተካት አይከለከልም፤ ግን ቀለሙ አይገጥምም፣ መስመሩ አይገጥምም፣ ጀርባውም ብቻውን ይቀራል። ዕቃው ከአንደኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ ይወርዳል። ከሁሉም የሚከፋው ስንጥቁ የሚመጣበት ጊዜ ነው። እንጨቱ ተገዝቶ፣ ደርቆ፣ ተሰንጥቆ፣ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ሰስቶ፣ ወጪው ሁሉ ከወጣበት በኋላ ነው የሚሰበረው።

እንጨት ለምን ይጎብጣል?

እንጨት ሁለት ነገር ነው ቢባል ብዙ ስህተት የለውም። አንደኛው ሴሉሎስ የተባለው ረጅም ጅማት ነው፤ ሁለተኛው ጅማቶቹን እርስ በርሳቸው የሚያጣብቀው ሊግኒን ነው። ሊግኒን የእንጨቱ የተፈጥሮ ኮላ ነው። እንደ ኮላም ጠባዩ በሙቀት ይለወጣል። እርጥበት ባለው እንጨት ውስጥ ሙቀቱ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ጅማቶቹ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ይችላሉ። ሲቀዘቅዝ ኮላው እንደገና ይደርቃል፣ ጅማቶቹም በአዲሱ ቦታቸው ይቆማሉ። ብዙ ሰው እንጨትን የሚያጎብጠው ውሃ ይመስለዋል። ውሃው ረዳት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ሙቀቱ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሳምንት የተነከረ ጣውላ ቀዝቃዛ እንደሆነ ቢታጠፍ ያው ይሰበራል።

እንጨት ሲጎብጥ የውስጠኛው ፊት ይጨመቃል፣ የውጪው ፊት ይለጠጣል። እዚህ ላይ የእንጨት አንድ ጠባይ ይገለጣል፤ የሞቀ እንጨት መጨመቅን በጣም ይታገሣል፣ መለጠጥን ግን ከ1 ወይም ከ2 በመቶ በላይ አይችልም። ለዚህ ነው ስንጥቅ ዘወትር ከውጪ በኩል የሚጀምረው። ሁለት ሚሊ ሜትር የወፈረ ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ ቢጎብጥ የውጪው ፊቱ ወደ 2 በመቶ ይለጠጣል፤ ይህ ከገደቡ ጫፍ ላይ ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ወደ 3 በመቶ ይጠጋል፣ ይሰበራልም። መፍትሔው ከውጪ በኩል ስስ የብረት ላሜራ ደግፎ ማጉበጥ ነው። ላሜራው አይለጠጥም፤ ስለዚህ እንጨቱ በውጪ በኩል ከመለጠጥ ይልቅ በውስጥ በኩል እንዲጨመቅ ይገደዳል። ዋጋው አነስተኛ የሆነ ቆርቆሮ ብዙ ዋጋ ያለው እንጨት ያተርፋል።

የውፍረትም ጉዳይ ቀልድ አይደለም። የአንድ ጣውላ ግትርነት በውፍረቱ ልክ ሳይሆን ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ይጨምራል። ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር የሆነ ጎን ከሁለት ሚሊ ሜትሩ በእጥፍ ገደማ ይገትራል። ብዙ ሠሪዎች የብረት ክር ላለው ጊታር ከ2 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር፣ ለክላሲካሉ ትንሽ ሳሳ አድርገው ይሠራሉ። የአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት ለበር ሠሪ ምንም አይደለም፤ እዚህ ግን ከጎኑ አንዱ ክፍል ወፈር ሌላው ሳሳ ካለ መታጠፊያው በሳሳው ቦታ ላይ ይሰበሰብና እንደ ክርን ሹል ሆኖ ይወጣል።

ቧንቧ፣ አምፖልና ብርድ ልብስ

ጥንታዊው መሣሪያ በውስጡ እሳት ያለበት የብረት ቧንቧ ነው። ዛሬ እሳቱ በኤሌክትሪክ ተተክቷል። ባለሙያው ጎኑን ውሃ ረጭቶበት በጋለው ቧንቧ ላይ ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ይጫናል፤ ከወገቡ ይጀምራል፣ እንጨቱ “ሲለቅ” በእጁ ይሰማዋል። ይህ “መልቀቅ” የተባለው ነገር በመጽሐፍ ሊገለጽ የሚችል አይመስልም፤ ገና ሳይለቅ የጫነ ይሰብራል፣ ከለቀቀ በኋላ የዘገየ ያሳርራል። ሙያውም ደመወዙም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከእጅ ስሜት ይልቅ ወጥ ውጤት የፈለጉ ሰዎች ደግሞ ፎርማ ሠሩ። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ቻርልስ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጊታር ቅርጽ ያለው ፎርማ በውስጡ አምፖሎች ተደርገውበት እንዲሞቅ አድርጎ ያወጣው መሣሪያ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በኋላ አምፖሉ በሲሊኮን በተሸፈነ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብርድ ልብስ ተተካ። ጎኑ በእርጥብ ወረቀት፣ ከዚያ በፎይል ይጠቀለላል፤ በሁለት ላሜራዎች መካከል ይገባል፤ ብርድ ልብሱ ከላይ ይሆናል። ሙቀቱ ከፈላ ውሃ መጠን ሲያልፍ ወገቡ ቀስ ተብሎ በመጠምዘዣ ይወርዳል፣ ከዚያ ሰፊው የታችኛው ክፍል፣ ከዚያ የላይኛው። ወደ 150 ዲግሪ ሲደርስ ለጥቂት ደቂቃ ይቆይና ይጠፋል። እስከ ማግሥቱ ጠዋት ከፎርማው አይወጣም። ቸኩሎ ያወጣው ሰው ጎኑ ተመልሶ ሲከፈት ያያል። እንጨት ትዝታ አለው እንደሚሉት ነው።

ውሃ ማብዛትም ሌላው ጥፋት ነው። ስስ እንጨት ከመጠን በላይ ከራሰ ሲሞቅ ፊቱ እንደ ቆርቆሮ ይሸበሸባል፣ ቀለሙም ይበላሻል። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መርጨት ይበቃል። አንዳንዶች በውሃው ላይ የልብስ ማለስለሻ ጠብ ያደርጋሉ፤ እንደሚጠቅም ይምላሉ።

ከሁሉም ይልቅ ግን ውጤቱን የሚወስነው እንጨቱ ገና በመጋዙ ሥር ሳለ ነው። የዓመት ቀለበቶቹ በጣውላው ፊት ላይ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት በወጥነት ይጎብጣል። ጅማቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚሄድ መሆን አለበት፤ ጅማት በመሐል ከፊቱ ላይ ከወጣ ስንጥቁ በዚያው ይከተለዋል። እዚህ ላይ ገበያው የራሱ ቀልድ አለው። ገዢ እጅግ የሚወደውና ብዙ የሚከፍልበት ማዕበል የመሰለ ጌጥ ያለው እንጨት፣ ጅማቱ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚተጣጠፍ፣ ሲጎብጥ በቀላሉ የሚሰበረው እሱ ነው። ውዱ እንጨት ብዙ ይሰበራል፤ ብዙ ስለሚሰበር የተረፈው ይበልጥ ይወደዳል።

የአገር እንጨት ያዋጣቸው

የአገር እንጨትን ወደዚህ ገበያ ያስገቡ አገሮች የሄዱበት መንገድ ለነጋዴ ትምህርት አለው። የፖርቱጋል ግዛት ከሆነችው ማዴይራ ደሴት የተነሡ ስደተኞች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1879 ራቨንስክራግ በምትባል መርከብ ሆኖሉሉ ሲደርሱ፣ ከመካከላቸው ኑኔስ፣ ዲያስና ኤስፒሪቶ ሳንቶ የተባሉ የቤት ዕቃ ሠሪዎች ነበሩ። በሃዋይ ብቻ የሚበቅለውን ኮአ የተባለ ዛፍ አገኙና የአገራቸውን ትንሽ ባለ ክር መሣሪያ በእሱ ሠሩ። ኡኩሌሌ የተባለው ይኸው ነው። ኮአ ዛሬ ለጊታር ጎንና ጀርባ ከሚፈለጉት ውድ እንጨቶች አንዱ ነው።

የኮአ የቅርብ ዘመድ የሆነው የአውስትራሊያው ብላክውድ ታሪክም ይመሳሰላል። ሁለቱም የእኛው ግራር ወገን ናቸው። (ብላክውድ ስሙ ጥቁር እንጨት ቢሆንም ቀለሙ ወርቃማ ቡናማ ነው፤ በአገራችን ጥቁር እንጨት ከሚባለው ዛፍ ጋርም ዝምድና የለውም።) ቢል ሜይ የተባለ የጃዝ ሙዚቀኛና የእንጨት ሥራ መምህር እ.ኤ.አ. በ1946 በሜልቦርን ማተን የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም፣ ስሙን “ሜይ” እና “ቶን” ከሚሉ ቃላት አዋቀረው፤ እንጨቱንም ቀስ በቀስ ከአገሩ ደን ወሰደ። ብላክውድ ሲሞቅ በቀላሉ ይለቃል፣ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይይዛል። በቤት ዕቃ ሠሪ ዘንድ የታወቀ፣ በጊታር ሠሪ ዘንድ ግን ስም ያልነበረው እንጨት ኩባንያዎቹ ሳያፍሩ ስለሸጡት ስም አወጣ።

የስፔኑ ጉዳይ ከዚህ ይቀድማል። የፍላሜንኮ ጊታር ጎንና ጀርባ የሚሠራው በሜዲትራኒያን አካባቢ ከሚበቅለው የጥድ ዓይነት ከሳይፕረስ ነው። ቀላል ነው፣ በደንብ ይጎብጣል፣ በአገሩም ይገኛል። ጥንድ አገር አቋርጦ መምጣት አለበት ያለ ማንም አልነበረም።

“የአገር እንጨት ድምፁ እንደ ሮዝዉድ አይሆንም” የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ። በዚህ ላይ ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ጎኑንና ጀርባውን በካርቶን ሠርቶ ፊቱን ብቻ ጥሩ እንጨት ያደረገው ጊታር የታወቀ መልስ ነው፤ ድምፁን የሚሠራው በዋናነት ፊቱ ነው ለማለት ነበር። በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ስድስት ጊታሮችን ከጀርባና ከጎናቸው እንጨት በስተቀር አንድ ዓይነት አድርገው አሠርተው፣ 52 ጊታር ተጫዋቾች ሳያዩ እንዲሞክሯቸው አደረጉ። ውዱ የብራዚል ሮዝዉድ ከርካሾቹ ተለይቶ አልተገኘም። ይህ ማለት ለጎን የሚገዛ እንጨት ዋጋ የሚወጣለት በአብዛኛው በመልኩ፣ በስሙና ሳይሰበር በመጉበጡ ነው።

ስሙ ደግሞ በወረቀት ምክንያት እየከበደ መጥቷል። አሜሪካዊው ማርቲን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ከብራዚል ሮዝዉድ ወደ ህንድ ሮዝዉድ ዞረ። የብራዚሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ከሞላ ጎደል በሚከለከልበት ዝርዝር ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ መላው የሮዝዉድ ዘር በቁጥጥር ሥር ሲውል ጊታር ለሽያጭ ከድንበር ማሻገር ሳይቀር ፈቃድ ጠየቀ፤ ሙዚቀኛውና ነጋዴው ጮኹና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነፃ ወጡ። ጥሬው እንጨት ግን ነፃ አልወጣም። ጊብሰን ኩባንያም ከማዳጋስካር ባስመጣው እንጨት ሳቢያ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተካሶ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 300 ሺህ ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚያ ወዲህ ገዢዎች ከእንጨቱ በፊት ወረቀቱን ማየት ለምደዋል።

እኛስ ጋ?

ለጎን ከሚሆኑት እንጨቶች መካከል ሁለት ሦስቱ ከአዲስ አበባ ነጋዴ ደጅ ብዙም አይርቁም። ግራቪሊያ ለቡና ጥላነትና ለመንገድ ዳር ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፤ በትውልድ አገሩ እንጨቱ ለቤት ዕቃ የተከበረ ሲሆን ለጊታርም ይውላል። በትክክለኛው አቅጣጫ ሲሰነጠቅ የሐር ጨርቅ የመሰለ ነጸብራቅ ያወጣል። በአገራችን ብዙውን ጊዜ ማገዶና ሳጥን መሆኑ የሚያስቆጭ ነው። (ዱቄቱ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካል፤ ሠራተኛ ጓንት ያስፈልገዋል።) የፈረንጅ ጥድም ከስፔኑ ሳይፕረስ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ችግሩ ጉጡ መብዛቱ ነው።

ዋንዛ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሜክሲኮ የሚመጣውና በጊታር ሠሪዎች ዘንድ ከውዶቹ የሚቆጠረው ሲሪኮቴ የዋንዛ ዘመድ ነው። ይህን የሰማ ደላላ ዓይኑ መብራቱ አይቀርም። ነገር ግን የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከአበሻ ጥድ ጋር በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ በ1999 ዓ.ም. በቁጥር 542፣ እሱም በ2010 ዓ.ም. በቁጥር 1065 ተተክቷል፤ ዛፉን የመጠበቁ ነገር ግን አልቀረም። ኢትዮጵያም የሳይተስ አባል አገር ናት። ከየት እንደተቆረጠ የማይታወቅ ዋንዛ ለውጭ ገዢ ማቅረብ እንጨቱንም ገዢውንም ማጣት ነው። ከገበሬ ጓሮ የተገኘ፣ ወይም ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ደረቅ ጣውላ ከነማስረጃው ቢቀርብ ግን ነገሩ ይለያል፤ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት በር ሆኖ የኖረ ጣውላ ማድረቂያ አያስፈልገውም።

ማድረቁ የሚናቅ አይደለም። በልማድ ለእያንዳንዱ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል በጥላ ሥር ይቆጠራል። በማድረቂያ ክፍል በፍጥነት የደረቀ ሲጎብጥ ያስቸግራል፤ በንፋስ ቀስ ብሎ የደረቀ ይሻላል። ጊታር ሠሪው ደግሞ ክፍሉን ከ45 እስከ 50 በመቶ የአየር እርጥበት ላይ ይጠብቃል። በሐምሌ ዝናብ የተጣበቀ ጎን በጥር ሲደርቅ ወይም ክረምቱን ምድጃ በሚነድበት የአውሮፓ ቤት ውስጥ ሲገባ ይሸሻል፣ ይሰነጠቃልም።

እንጨቱን ለዚህ ገበያ የሚያስብ ነጋዴ ግንዱ በወደቀበት ቀን ጫፍና ጫፉን በሰም ወይም በወፍራም ቀለም ማስቀባት ይኖርበታል። እርጥበት በጫፍ በኩል ከፊቱ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚወጣ፣ ሳይቀባ በፀሐይ የዋለ ግንድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጫፉ ወደ ውስጥ ይተረተራል። 82 ሴንቲ ሜትር ጎን ለማውጣት የታሰበው ግንድ ከዚያ በኋላ 60 እንኳ ንጹሕ ላይሰጥ ይችላል።